ዘውድ ለመጫን ዳገት

ሂማላያ መውጣት የሚጠይቀውን ብር ስሰማ እንጦጦን መረጥኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ አጋማሹ ላይ ትንፋሼ አለቀ። ከ3000 ሜትር በላይ ነዋ!

ምኒልክ ግን እዚህ አናት ላይ ከትመው ነበር። ለጠላት አይመችም፤ ብርዱና የማገዶ እጦቱ ግን ለነዋሪውም አልተመቸም። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደዱና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ይሁንና ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። (ታክሲ እንዳልነበረ ልብ በሉልኝ።)

የማገዶውን ችግር ያቃለለው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው ይባላል። ማን ተሸክሞ እንደሚያወርደው ግን አስተማሪዎቼ አልነገሩኝም። ቁልቁል ስወርድ እናቴን የሚያካክሉ ሴት፣ የጭራሮ ሸክም አጉብጧቸው አለፉኝ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። እኔን!