ይግባኝ ያልተባለበት የአስተዳደር ትእዛዝ በኋላ ክስ ሊሞገት ይችላልን?

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በአንድ ሰው ላይ ትእዛዝ ይሰጣል። ሰውየው በተወሰነው ጊዜ ይግባኝ ሳይጠይቅ ይቀራል፤ ትእዛዙም የመጨረሻ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ይህንኑ ትእዛዝ ጥሰሃል ተብሎ ፍርድ ቤት ሲቀርብ «ትእዛዙ ከመነሻው ሕገ ወጥ ነበር» ብሎ መከራከር ይችላልን? ጥያቄው በብዙ አገሮች የሚነሣ ቢሆንም፣ በአሜሪካ በውጭ አገር ዜጎች ጉዳይ ላይ እስራትን እስከ ማስከተል ይደርሳል። በዚያ የሚኖሩና የአገሪቱን ዜግነት ያላገኙ ኢትዮጵያውያንንም ይመለከታል።

የቀድሞው መልስ ጥብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 በጦርነቱ ወቅት የወጣው የዋጋ ቁጥጥር ሕግ፣ የዋጋ ጣሪያን የሚቃወም ሰው በ60 ቀናት ውስጥ ለዋጋ አስተዳዳሪው፣ ቀጥሎም ለዚሁ ለተቋቋመ ልዩ ፍርድ ቤት እንዲያመለክት ያዝዝ ነበር። ያኩስ የተባለው የቦስተን የሥጋ ነጋዴ ከጣሪያው በላይ ሸጠሃል ተብሎ ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1944 በሰጠው ፍርድ፣ ሕጉ ባዘጋጀው መንገድ ያልሄደ ተከሳሽ የጣሪያውን ሕጋዊነት በወንጀል ችሎት ሊያነሣ አይችልም ሲል ወሰነ።

ይህ አቋም የላላው በ1987 በመንዶዛ ሎፔዝ መዝገብ ነው። በቅድሚያ አንድ ነገር ማወቅ ይገባል፦ በአሜሪካ «የኢሚግሬሽን ዳኛ» የሚባለው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር የሚሠራ ሹም ስለሆነ፣ ከአገር የማስወጣት ትእዛዙ የፍርድ ቤት ፍርድ ሳይሆን የአስተዳደር ውሳኔ ነው። በመዝገቡ የተጠቀሱት ሁለት ሜክሲኮአውያን ከሌሎች ጋር በአንድነት ቀርበው፣ መብታቸው በሚገባ ሳይብራራላቸው ይግባኝ ትተዋል ተብሎ ተባረሩ፤ ተመልሰው ሲገኙም በወንጀል ተከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ የአስተዳደሩ ሂደት ጉድለት ሰውየውን ፍርድ ቤት የመድረስ ዕድል ከነፈገው፣ ትእዛዙ ለወንጀል ቅጣት መሠረት ከመሆኑ በፊት ሊመረመር ይገባል አለ።

ኮንግረስ በ1996 ይህን መብት በሦስት ሁኔታዎች አጠረው። ተከሳሹ ያሉትን የአስተዳደር አቤቱታ መንገዶች አሟጥጦ መጠቀሙን፣ ሂደቱ ፍርድ ቤት የመድረስ ዕድሉን አላግባብ እንደነፈገው፣ ትእዛዙም በመሠረቱ ፍትሐዊ እንዳልነበረ ማሳየት አለበት።

የዚህ አጥር ጥንካሬ የታየው በ2021 በፓሎማር ሳንቲያጎ ጉዳይ ነው። ሰውየው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ነበረው። ጠጥቶ በማሽከርከር የተፈረደበት ጥፋት ከባድ ወንጀል ነው ተብሎ በ1998 ከአገር እንዲወጣ ታዘዘ፤ ይግባኝ መብቱን ትቶም በማግሥቱ ተሸኘ። ከ6 ዓመት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ መዝገብ እንዲህ ያለው ጥፋት ለመባረር የሚያበቃ አለመሆኑን በየነ። ትእዛዙ ስሕተት ነበር ማለት ነው። ሰውየው በ2017 አሜሪካ ውስጥ ሲገኝ ግን ተከሰሰ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ትእዛዙ ስሕተት ከሆነ ሁለቱን ሁኔታዎች ማሟላት አያስፈልገውም ብሎ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ሻረው። ሦስቱም መሟላት አለባቸው፤ የትእዛዙ ስሕተት ብቻውን ይግባኝ ካለመጠየቅ አያድንም። ጠበቃ የሌለው ሰው የሹሙን የሕግ ስሕተት በራሱ አውቆ ይግባኝ እንዲል መጠበቅ ከባድ ሸክም ነው፤ የሕጉ ቃል ግን ግልጽ ነው።

በፍትሐ ብሔር በኩል ነፋሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነፍሷል። በሰኔ 2025 በማክላውሊን እና በማኬሰን መካከል በነበረው የፋክስ ማስታወቂያ ክርክር፣ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሰጠው የሕግ ትርጉም በኋላ የሚነሣን ክስ የሚመለከተውን ፍርድ ቤት እንደማያስር 6 ለ3 ተወሰነ። ሕጉ የኋላ ክርክርን በግልጽ ካልከለከለ፣ ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ትርጉም ተገቢውን ክብር ሰጥቶ ሕጉን በራሱ ይተረጉማል።

ከአገር የማስወጣት ትእዛዝን በተመለከተ ግን ሕጉ ዝም አላለም። የ1996ቱ ሦስት ሁኔታዎች ዛሬም ይሠራሉ። የመጨረሻው ትእዛዝ በተሰጠ በ30 ቀናት ውስጥ ለፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አቤቱታ ያልቀረበበት ሰው ተባርሮ ያለ ፈቃድ ቢመለስ፣ እስከ 2 ዓመት፣ ቀድሞ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ከሆነ ደግሞ እስከ 20 ዓመት እስራት ሊጠብቀው ይችላል።