ስለ ቋንጣና ስለ በርበሬ፤ ከአምቦ መንገድ የተነሣ ሐተታ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በምዕራብ በኩል ወደ አምቦ የሚሄድ መንገደኛ ሆለታን፥ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ ከፍል ውሃው ሲደርስ፥ ገላውን ከታጠበ በኋላ የሚጠይቀው «ያገሩ ምግብ ምንድር ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «ያገር ምግብ» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ ሳንመረምር የምንሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ስሕተት አለበት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ለመንገደኛ የሚቀርበውን ቋንጣና በርበሬ ምሳሌ አድርጎ ስሕተቱን መግለጽና የተሻለ አሳብ ማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስሕተቱን የፈጸመው ጸሐፊው ራሱ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከዚያ መጀመር ይገባል። በውጭ አገር ትምህርቴን በምከታተልበት ዘመን ለጥቂት ቀን ዕረፍት ወደ ጃማይካ ደሴት ሄጄ ነበር። በደሴቲቱ ሰሜናዊ ምሥራቅ፥ ፖርትላንድ በሚባለው አውራጃ፥ ቦስተን ቤይ ከተባለው የባሕር ዳርቻ «ጀርክ» የሚሉትን ሥጋ ቀመስሁ። ሥጋው በቅመም ታሽቶ ከቆየ በኋላ በፒሜንቶ እንጨት ፍምና ጢስ ላይ ቀስ እያለ ይበስላል። በመጀመሪያው ጉርሻ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሆኖም እንግድነት አልተሰማኝም። ሥጋውን ለሚጠብሱት ሽማግሌ «እኛም ከጥንት ከአባቶቻችን ጀምሮ በርበሬ ያለን ሕዝብ ነን» ብዬ ተመካሁ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «በርበሬው እኮ ከዚህ ከእኛ ወገን ተሻግሮ የሄደ ነው» አሉኝ። ቃላቸውን እንደ ቀልድ ቈጥሬ ተውሁት። ወደ አገሬ ተመልሼ ማስተማር ከጀመርሁ በኋላም ለሁለት ዓመት ያህል በርበሬን ከጤፍና ከኮረሪማ ጋር ደምሬ፥ የዚህ ምድር ጥንተ ተክል ነው እያልሁ ለተማሪዎቼ ተናገርሁ። በመጨረሻ መጻሕፍቱን ስመረምር እውነተኛው ሽማግሌው፥ ተሳሳቹም እኔ እንደ ሆንሁ ተረዳሁ።

የጀርክን ታሪክ ባጭሩ መናገር ለነገራችን ይጠቅማል። ስሙ በደቡብ አሜሪካ የኬችዋ ቋንቋ የደረቀ ሥጋ ማለት ከሆነው «ቻርኪ» ከሚለው ቃል በእስፓንኛ በኩል እንደ መጣ ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግሊዞች በ1655 ጃማይካን ከእስፓንያ እጅ በወሰዱ ጊዜ፥ ከአፍሪካ በባርነት ከተወሰዱት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ተራራው ሸሽተው ነበር። እነዚህ ማሩን የተባሉ ሰዎች የዱር እርያ እያደኑ ሥጋውን በጨውና በደሴቲቱ ቅመም እያሹ በጢስ ያቆዩት ነበር። እንግሊዞች ሊያሸንፏቸው ስላልቻሉ በ1739 የሰላም ውል ተዋዋሏቸው። እንግዲህ ዛሬ የባሕር ዳር ጎብኚ ለደስታው የሚበላው ምግብ በመነሻው የስደተኛና የተዋጊ ስንቅ ነበር።

የእኛም ቋንጣ መነሻው ስንቅ ነው። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ቀይ ሥጋ በረጅሙ ይዘለዘላል፥ በጨውና በበርበሬ ይታሻል፥ ከዚያም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ወይም የምድጃ ጢስ በሚደርስበት ስፍራ በገመድ ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል። በቅርጫ የተካፈሉት የበሬ ሥጋ ሳይበላሽ ረቡዕና ዓርብ እንዲያልፍ፥ ዘማችም ከበሶና ከዳቦ ቆሎ ጋር ይዞት እንዲሄድ የሚያስችለው ይህ ሥራ ነው። ነጋዴም እንደዚሁ። በ19ኛው መቶ ዓመት ከጊቤ አገሮች የሚነሣ ሲራራ ነጋዴ ጉድሩን አልፎ፥ ዓባይን ተሻግሮ፥ ወደ ጎጃም ወደ ባሶ ገበያ ይወጣ ነበር። ጭነቱም ቡና፥ ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስና ኮረሪማ ሲሆን፥ ከጭነቱ ጋር በባርነት የሚነዱ ሰዎች እንደ ነበሩ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። አዲስ አበባ በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ ግን ከምዕራብ የሚመጣው ንግድ እያደር ወደ እርስዋ አዘነበለ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እስከ አዲስ ዓለም መንገድ ተሠራ፤ በኋላም መንገዱ በአምቦና በጉደር በኩል እየቀና ሄደ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ፥ ውሃዋ ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በመሸጡ ስምዋ በየማዕዱ ተጠራ። ቀድሞ ከስልቻ ተዘግኖ ይበላ የነበረው ቋንጣም በከተሞቹ ምግብ ቤቶች በፍርፍር መልክ ለዕረፍት እንግዳ የሚቀርብ ሆነ።

አሁን ወደ በርበሬው እንመለስ። በርበሬና ሚጥሚጣ የሚገኙበት የተክል ወገን መጀመሪያ የለማው በአሜሪካ ምድር እንደ ሆነ የዕፀዋት ሊቃውንት የተስማሙበት ነው። ኮሎምቦስ በ1492 ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በአውሮፓም ሆነ በእስያ፥ በአፍሪካም ሆነ አልታወቀም ነበር። ከሁለተኛው ጕዞ ጋር የሄደው ሐኪም ቻንካ በ1494 በጻፈው ደብዳቤ የደሴቶቹ ሰዎች ምግባቸውን «አጂ» በሚባል ቅመም እንደሚያጣፍጡ አመልክቷል። ተክሉ ከዚያ በመርከብ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ጠረፎች ተዛመተ። ስለዚህ የአክሱም ወይም የላሊበላ ነገሥታት ቀይ ወጥ በልተዋል ብሎ መናገር አይቻልም። በዚያ ዘመን ምግብን የሚያቃጥለው ቅመም ከምዕራባዊ ደቡብ ደን የሚመጣው ጥምዝ፥ ከሕንድ የሚመጣው ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል ነበር።

ቋንቋችን በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ምስክርነት ይሰጣል። ከአሜሪካ የመጣውን በቆሎ አባቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ብለው ሰየሙት፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱም በስሙ ውስጥ ታተመ። በርበሬ ግን ከቁንዶ በርበሬ ጋር አንድ ስም ስለ ተካፈለ እንግድነቱ ተሰወረ። ይህም በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ ኮሎምቦስም አዲሱን ፍሬ በሚያውቀው በሕንዱ ቅመም ስም ጠርቶታል። ስም ሲወረስ የመምጫው ጊዜ እንደሚረሳ ከዚህ እንማራለን።

የዚህ መርሳት ፍጹም ምሳሌ የሚገኘው በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ነው። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወለጋ ወሰን የምትገኘው ባኮ በበቆሎዋና በበርበሬዋ የታወቀች ናት፤ የእርሻ ምርምር ማዕከልም አላት። በገበሬዎች ዘንድ ከማረቆ ፋና ጋር የታወቀው አንዱ የበርበሬ ዝርያ «ባኮ ሎካል» ይባላል። ሎካል ማለት ያገሬው ማለት ነው። ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ ተክል ያገሬው ለመባል በቃ ማለት ነው። በስሙ የሚስቅ ቢኖር ይሳሳታል፤ የባኮ ገበሬ ዘሩን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየመረጠ ከአየሩና ከአፈሩ ጋር አስማምቶታልና።

ከገበሬው ቀጥሎ የሚመሰገኑት ሴቶች ናቸው። ዛላውን ቀንጥሰው፥ በሙቀጫ ወቅጠው፥ በነጭ ሽንኩርት፥ በዝንጅብልና በበሶብላ ደልዘው፥ እንደ ገና አድርቀው ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ጨምረው የሚያስፈጩት እነርሱ ናቸው። የኦሮሞ ሕዝብ ቆጭቆጫ የሚለውንም በድንጋይ ላይ የሚደቁሱት እነርሱ ናቸው። የአሜሪካውን ፍሬ ከከፋው ኮረሪማ ጋር አገናኝተው፥ በጃማይካም ሆነ በሕንድ የማይገኝ አዲስ ነገር አደረጉት። የጃማይካው ሽማግሌ እጅ ከሥጋውና ከጢሱ ጋር የሠራው ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ እርሳቸው የበርበሬውን መንገድ ሲያውቁ እኔ አለማወቄ ነበር።

እንግዲህ ሁለት ስሕተት አለ። አንደኛው፥ የምንወደውን ሁሉ ጥንታዊ ማለት ነው፤ ይህ ታሪክን ያስቀራል። ሁለተኛው፥ ከውጭ መምጣቱ ከታወቀ በኋላ የእኛ አይደለም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የገበሬውንና የሴቶቹን ድካም ይክዳል። ለተመራማሪ የሚበጀው ስለ እያንዳንዱ ምግብ ከመቼ ጀምሮ፥ በየትኛው መንገድና በማን እጅ ብሎ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልሳቸው በመጻሕፍት ይፈለጋል። ሦስተኛው ግን በብዙው ያልተጻፈ ስለ ሆነ፥ ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ባሉት ከተሞች ቅመም አዘጋጅተው ልጆች ያሳደጉ እናቶች በሕይወት ሳሉ ሊጠየቁ ይገባል። በወፍጮ የተፈጨ በርበሬ ታሽጎ ከመደብር የሚገዛበት ዘመን ስለ ደረሰ፥ አሠራሩን በእጅዋ የምታውቅ ሴት ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ይሄዳል።

እኔም በበኩሌ ለተማሪዎቼ የተናገርሁትን አርሜአለሁ። በዓመቱ መጀመሪያ በርበሬን ከጥንተ ተክሎቻችን ተራ አውጥቼ፥ ከባሕር ማሽላ አጠገብ አስቀምጬ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪ «እንግዲህ ወጣችን የእኛ አይደለምን?» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ ወደ አምቦ ወርዶ ቋንጣውን ከቀመሰ በኋላ ወደ ጓዳ ገብቶ በርበሬውን ያዘጋጀችውን ሴት እንዲጠይቅ እመክረዋለሁ።