ደሟን ይመልሱላታል ወይስ ይደፉታል?

ከኤይን ሀትኽሌት፣ ከነታንያ ነው የማወራችሁ። ዛሬ ስለ ሱከሬት ነው፤ ቤት ውስጥ "ስኳር" የምንለው። የአያቶቻችን ዓይነት ግን አይደለም፤ ልጅና ወጣት የሚይዘው፣ ዓይነት 1 የሚባለው ነው። የኛም ጉዳይ ነው፦ በ2004 የእስራኤል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ላይ አጥንተውት፣ የዘርንና የአዲሱን አገር ኑሮ ድርሻ መርምረዋል።

የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ተገኘባት። ስለ ስቴም ሴል ሕክምና አንብቤ ለአክስቴ ሳስረዳት፣ "ደሟን ወስደው ይመልሱላታል ወይስ ይደፉታል?" አለችኝ። ቀልድ አይደለም። በጃንዋሪ 1996 ማዕሪቭ ጋዜጣ የደም ባንኩ ኤድስን ፈርቶ እኛ የለገስነውን ደም በድብቅ እንደሚጥል ሲያጋልጥ፣ ኢየሩሳሌም ላይ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ከጮኹት ሺዎች አንዷ እሷ ነበረች።

"ይመልሱላታል፤ ሕክምናው ራሱ እሱ ነው" አልኳት።

በዚህ በሽታ የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ፣ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ያጠፋል። ብራዚል ውስጥ፣ ሪቤራው ፕሬቶ ላይ፣ ዶክተር ጁሊዮ ቮልታሬሊና ባልደረቦቹ በሽታው ከታወቀባቸው 6 ሳምንት ያላለፋቸውን ወጣቶች መረጡ። ለምን አዲሶቹን? ቆሽታቸው ውስጥ ገና ያልሞቱ ሴሎች ስላሉ። ከታካሚው ደም ስቴም ሴል ለይተው አቀዘቀዙ፤ በከባድ መድኃኒት የተሳሳተውን መከላከያ አጠፉ፤ ከዚያ የራሱን ሴሎች መለሱለት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፦ ሴሎቹ ኢንሱሊን ሊሠሩ አይደለም የሚገቡት፣ መከላከያውን እንደ አዲስ ሊተክሉ እንጂ።

በ2007 ካሳወቋቸው 15 ታካሚዎች 14ቱ ለተወሰነ ጊዜ ኢንሱሊን አቆሙ። በ2009 ታካሚዎቹ 23 ሲደርሱ፣ 20ው ያለ መርፌ የቆዩበት ጊዜ ነበራቸው፤ 8ቱ ግን ወደ መርፌው ተመለሱ። ያልታከመ ማወዳደሪያ ቡድን አልነበረም። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ የሳንባ ምች የያዛቸው፣ የዘር ፍሬያቸው ቁጥር የቀነሰባቸው ወንዶች ነበሩ። በቻይናና በፖላንድ በተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ ደግሞ አንድ ሰው ሞቷል። ስለዚህ እስካሁን መደበኛ ሕክምና አልሆነም፤ "እናድናለን" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ክሊኒክ ካያችሁ፣ እኔ በበኩሌ አላምነውም።

አክስቴ ሁሉንም ዝም ብላ ሰማችኝ። "እስከዚያ ታዲያ ምን ይሁን?" አለች። እስከዚያማ ኢንሱሊን ነው፤ ከ1922 ጀምሮ ሰው በሕይወት ያቆየው እሱ ነው። የአክስቴ ልጅ ከጎናችን ተቀምጣ ስኳሯን እየለካች ነበር። "ዶዳ፣ እኔንም ጠይቁኝ እንጂ" አለቻት እናቷን ትታ ለእናቴ።