የሰው ስም፣ የአቅጣጫ ስም፣ የከተማ ስም፦ ስለ ፕሮቲን መለያ ዘዴዎች ስያሜ

የሳይንስ ቃል ከመተርጐሙ በፊት የስያሜው ታሪክ መመርመር አለበት። ለዚህም በጄል ኤሌክትሮፎረሲስ የተለያዩ ፕሮቲኖችን ማንነት ለማወቅ የሚያገለግሉት ዘዴዎች ጥሩ ምስክር ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኡልሪክ ሌምሊ በ1970 ባሳተመው አሠራር ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ኃይል በጄል ውስጥ ሲጓዙ እንደየመጠናቸው ይለያያሉ፤ ትንሹ ይርቃል፣ ትልቁ ወደ ኋላ ይቀራል። ጄሉ ቀለም ሲነከር ፕሮቲኖቹ በመስመር በመስመር ሆነው ይታያሉ። ሆኖም ቀለሙ ሁሉንም ስለሚያቀልም የትኛው መስመር የትኛው ፕሮቲን እንደ ሆነ አይለይም።

መፍትሔው የመጣው ከዲ ኤን ኤ ጥናት ነው። ብሪታንያዊው ኤድዊን ሳውዘርን በ1975 ዲ ኤን ኤን ከጄል ወደ ስስ ሽፋን አስመጥጦ የሚፈለገውን ክፍል የሚለይበትን ዘዴ አሳተመ፤ ዘዴውም በስሙ «ሳውዘርን ብሎት» ተባለ። የሰውየው ስም በእንግሊዝኛ «ደቡባዊ» ማለት በመሆኑ፣ በ1977 ለአር ኤን ኤ የወጣው ዘዴ በቀልድ «ኖርዘርን»፣ ማለትም «ሰሜናዊ» ተባለ። በ1979 ሃሪ ቶውቢንና ባልደረቦቹ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ፕሮቲንን ወደ ሽፋን አሸጋግረው በፀረ እንግዳ አካል ለዩ። ይህንም ዘዴ ኒል በርኔት በ1981 «ዌስተርን»፣ ማለትም «ምዕራባዊ» አለው።

እንግዲህ «ደቡብ» የሰው ስም ነው፤ «ሰሜን»ና «ምዕራብ» ግን የቃል ጨዋታ ናቸው። በአማርኛም ሆነ በመቀሌ ሮማናት በሚነገረው ትግርኛ «ምዕራብ» ከግእዙ «ዐርበ» ወጥቶ የፀሐይ መግቢያን ያመለክታል፤ ጨዋታው አብሮ አይሻገርም። ነገሩም ቀላል አይደለም። ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1984 ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንዳይሠራበት እስኪመክር ድረስ ዌስተርን ብሎት በዓለም ዙሪያ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማረጋገጫ ሆኖ ቈይቷል። ውጤቱን «የምዕራባውያን ምርመራ» ተብሎ ያነበበ ሰው አሠራሩን ሳይረዳ በባለቤቱ ማንነት ላይ ጥርጣሬ ቢያድርበት አይፈረድበትም።

ተቃራኒውም አለ። ለጄል ማቅለሚያነት የሚያገለግለው «ኮማሲ ሰማያዊ» ትርጉም የሌለው የንግድ ስም ይመስላል። ነገር ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለሱፍ ማቅለሚያ የወጣው ይህ ስም የጋናዋ ኩማሲ ከተማ ስም ነው፤ ስለዚህ «ኩማሲ ሰማያዊ» ብሎ መጻፍ ይገባል።

ስለዚህ «ዌስተርን ብሎት» እንዳለ ተወስዶ፣ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ስፍራ «ፕሮቲንን በፀረ እንግዳ አካል የመለያ ዘዴ» የሚል ማብራሪያ ቢከተለው የተሻለ ነው። ስሙ የሚሸሽገውን ሥራ ማብራሪያው ይገልጠዋልና።