የካቻቪቴ ውርስ
የኤሌክትሪክ ጊታርን ዕቃ እየፈቱ በተሻለ መተካት የቅርብ ጊዜ ልማድ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፉለርተን ከተማ ከነበረ የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ይመዘዛል። የሱቁ ባለቤት ሊዮ ፌንደር ጊታርን ያየው በጠጋኝ ዓይን ነው፤ የተበላሸው ወልቆ ሌላ እንዲገባበት። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ጊታሩ ስትራቶካስተር አንገቱ በሙጫ ሳይሆን በብሎን ታስሯል። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ፒክአፖችና የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ደግሞ አንድ የፕላስቲክ ሽፋን ላይ ተደርድረዋል፤ ካቻቪቴ የያዘ ሁሉ ሽፋኑን አንሥቶ የጊታሩን ሆድ ማየት ይችላል። የአናጢን ጥበብ ለሚያከብር ሰው ይህ ሸካራ አሠራር ነው፤ ለእኔ ግን ከድምፁም የሚበልጠው ፈጠራ ይኸው ነው።

መለዋወጫ የተፈለገው የአሜሪካው የብሮድካስት ድርጅት ሲቢኤስ በ1965 የፌንደርን ኩባንያ ከገዛ በኋላ ጥራቱ ስለወረደ ነው የሚሉ አሉ። ቅሬታው መሠረት አለው፤ ሙሉውን ታሪክ ግን አይገልጽም። ፒክአፕ ሠሪው ላሪ ዲማርዚዮ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ሱፐር ዲስቶርሽን የተባለ ፒክአፕ የጥንቱን ድምፅ ለመመለስ አልተሠራም፤ በሴራሚክ ማግኔቱ ኃይል ማጉያውን ገፍቶ ድምፁን ለማሻከር እንጂ። አንገቱ በሙጫ የተጣበቀው፣ የሌላው ጊታር አምራች የጊብሰን ሌስ ፖልስ? እሱም ቢሆን ፒክአፖቹ የተያዙት በብሎን ነው። የሮክ ጊታር ተጫዋቹ ኤዲ ቫን ሄለንም የጊብሰንን ፒክአፕ በስትራቶካስተር ቅርጽ በተሠራ አካል ውስጥ የከተተው ከሁለቱ ፋብሪካዎች አንዱም የማይሸጠውን ድምፅ ፈልጎ ነበር።