ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ፦ በገዛ እጃችን የከፈትነው በር

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ታሪክ ነው፤ ግን የአክሱምም የአድዋም አይደለም። በየቤታችን የተቀመጠው ኮምፒውተር ታሪክ ነው። ውስጡም የይቅርታ ጥያቄ አለበት።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ፍቼ ጨምበላላ፣ ጉዱማሌ ላይ ነው። ሕዝቡን ታውቁታላችሁ፣ መቆሚያ የለም። ከሰው መሃል "ቲቸር!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል በ2003 ዓ.ም. አስረኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት። ሥራ ይዛለች፣ ወልዳለች። "አይዴ ጨምበላላ" ተባባልንና ጥላ ፈልገን ቁጭ አልን።

ጨዋታ ጨዋታን ሲያነሳው የዩኒቨርሲቲ ጊዜዋን ታጫውተኝ ጀመር። በ2008 ዓ.ም. ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ላፕቶፗ አበደባት። ብሮውዘሩን ስትከፍት የማታውቀው የመፈለጊያ ገጽ ይመጣል። በየጥጉ ማስታወቂያ ብቅ ይላል፤ አንዱን ስትዘጋ ሁለት ይከፈታል። ደንግጣ ጥገና ቤት ወሰደችው። ባለሙያው አንዴ አየት አድርጎ "ቫይረስ በልቶታል፣ መፍትሔው ፎርማት ነው" አላት። "ፋይልሽን ላስቀምጥልሽ?" ብሎ የጠየቃት የለም። እሷም መጠየቅ እንዳለባት አላወቀችም። ማታ ስትረከበው ላፕቶፑ እንደ አዲስ ሆኗል፣ ባዶም ሆኗል። ከአራት ምዕራፍ የተረፋት በአማካሪዋ ቀይ እስክሪብቶ የተሞነጫጨረ የሁለት ምዕራፍ ወረቀት ብቻ ነበር። የቀረውን በጓደኛዋ ኮምፒውተር፣ ባለቤቷ ስትተኛ፣ ሌሊት ሌሊት እንደገና ጻፈችው።

"ለመሆኑ ምን ጭነሽበት ነበር?" አልኳት።

ሳቅ አለች። "ቲቸር፣ እርስዎ በፍላሽ የሰጡኝን የአማርኛ መጻፊያ ነዋ!"

እሷ ስቃ አለፈችው። እኔ ግን አላለፍኩትም። ያ ፋይል ትዝ አለኝ። ከአንድ ኢንተርኔት ቤት፣ ከማላውቀው ገጽ፣ "ነፃ" ስለተባለ ያወረድኩት ነው። ስጭነው ምን እንደሚል አላነበብኩም፤ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ። የእኔም ኮምፒውተር ከዚያ ወዲህ ያልጠራሁትን ማስታወቂያ ያመጣ ነበር፤ "የኮምፒውተር ጠባይ ነው" ብዬ ተውኩት። ፍላሹን ግን ለመምህሩም ለተማሪውም አዳርሼዋለሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ!

የታሪክ አስተማሪ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። የማውቀው ሥራ ነገሩ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው። ከበዓሉ በኋላ እሱን ያዝኩ።

ነፃ ከሆነ፣ ማን ከፈለበት?

ይህ ነገር አድዌር ይባላል። ማስታወቂያ እያሳየ ለሠሪው ገንዘብ የሚያስገባ ፕሮግራም ማለት ነው። እኛ ሁሉንም "ቫይረስ" እንለዋለን፤ ልዩነት ግን አለው። ቫይረስ ራሱን እያባዛ ይዛመታል። አድዌር አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው እኛው "እሺ" ብለነው ነው። ምስጢሩ "እሺ" ያልንበትን ነገር አለማንበባችን ላይ ነው።

በድረ ገጽ ላይ የባነር ማስታወቂያ የታወቀው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1994 ሆትዋየርድ በተባለ የአሜሪካ የኢንተርኔት መጽሔት ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላ ማስታወቂያው ከገጹ ወርዶ ኮምፒውተራችን ውስጥ ቤት ሠራ። ጌተር የሚባል ፕሮግራም መጣ፤ የይለፍ ቃል ያስታውስልሃል፣ ፎርም ይሞላልሃል፣ በነፃ። በጎን ግን የምትጎበኘውን ገጽ እየተከታተለ የራሱን ማስታወቂያ በሌሎች ድረ ገጾች ላይ ይደርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ዋሽንግተን ፖስትና ኒውዮርክ ታይምስን የመሳሰሉ ጋዜጦች ከሰሱት። በዓመቱ ስሙን ክላሪያ ብሎ ቀየረ። ስም መቀየር የቆየ ዘዴ ነው፤ ታሪክ ክፍል ውስጥ ስንቱን አይተናል።

ከዚያ ነገሩ ንግድ ሆነ። አንዱ ሰዎች የሚፈልጉትን ነፃ ፕሮግራም ይሠራል፤ ሌላው "የእኔን አድዌር አብረህ ጫንልኝ፣ በጫንክ ቁጥር እከፍልሃለሁ" ይለዋል። ዛንጎ የተባለው ድርጅት ያለ ሰው ፈቃድ በየኮምፒውተሩ ይጫናል፣ ለማውጣትም ያስቸግራል ተብሎ ተከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ3 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ትልልቆቹም ንጹሕ አልነበሩም። ጃቫን ስንጭን ሳጥኑ ቀድሞ ምልክት ተደርጎበት አስክ የሚባል ቱልባር አብሮ ይገባ ነበር። ሌኖቮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ አካባቢ ሱፐርፊሽ የተባለ አድዌር ቀድሞ የተጫነባቸው ላፕቶፖች ሸጠ። ያ ፕሮግራም ማስታወቂያውን ለማስገባት ሲል የተመሰጠሩ ገጾችን፣ የባንኩንም ጭምር፣ ጥበቃ ያላላ ነበር። በየካቲት 2015 ሲጋለጥ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፣ ማስወገጃም አወጣ።

አያችሁ? ያኔ ማስታወቂያው ማሰልቸቱ ብቻ አልነበረም ችግሩ። ለማስታወቂያ የተከፈተ በር ለሌባም ክፍት ነው።

እኛ ዘንድ እንዴት መጣ?

ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በቴሌ በኩል፣ ለጥቂቶች። እኛ የክፍለ ሀገር ልጆች ያወቅነው ብዙ ቆይቶ ነው፤ በኢንተርኔት ቤት፣ በደቂቃ ሂሳብ። አንድ ፋይል እስኪወርድ ሻይ ጠጥተህ ትመለሳለህ፤ ስትመለስ መብራት ሄዷል። ስለዚህ አንዱ አውርዶ ለመቶ ሰው ያድላል። ሲዲ ነበር፣ ኋላ ፍላሽ መጣ።

ይህ ልማዳችን ከድህነት የመጣ መረዳዳት ነው፤ አላፍርበትም። ግን መዘዝ አለው። ኢንተርኔቱ በደረሰበት አገር ኔክስት ብሎ የሚጎዳ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው። እኛ ጋ አንዱ ኔክስት ይላል፣ መቶ ሰው ይጎዳል። በዚያ ላይ የያኔው ዊንዶውስ ኤክስፒ ፍላሽ ሲሰካ ውስጡ ያለውን ፕሮግራም በቀላሉ ያስነሳ ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን በዝማኔ ያስቀረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የእኛ ኮምፒውተሮች ግን ዝማኔ የት አግኝተው! ዊንዶውሱ ራሱ የተሰበረ ኮፒ ነው፤ "ክራኩ እንዲሠራ አንቲቫይረሱን አጥፋ" ተብለን አጥፍተናል። ዘበኛውን አሰናብተን ሌባ ገባ ብለን እንገረማለን።

ያው ዘዴ፣ ሌላ ዓላማ

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ነው።

"ይህን ቪዲዮ ለማየት ፍላሽ ፕሌየርህን አድስ" የሚል መልእክት ያላየ አለ? (ይሄኛው ፍላሽ ኪሳችን የምንይዘው አይደለም፤ የቪዲዮ ማጫወቻው ነው።) ይህ የአድዌር ነጋዴዎች የታወቀ ወጥመድ ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2017 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ አንድ ጥናት አወጣ። ከ2016 ጀምሮ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ለኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ ጭምር፣ ኢሜይል ይላክ ነበር። ሊንኩ የታወቀ የኤርትራ ቪዲዮ ገጽ አስመስሎ ወደተሠራ ሐሰተኛ ገጽ ይወስዳል። ገጹም ያንኑ ይላል፦ ፍላሽ ፕሌየርህን አድስ። የተጫነው ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም ነበር። ተቋሙ ዘመቻውን ከኢትዮጵያ መንግሥት አካላት ጋር አያይዞታል። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ በተመሳሳይ መንገድ የሃኪንግ ቲም የስለላ ፕሮግራም እንደተሞከረ ይኸው ተቋም ጽፎ ነበር።

እዚህ ጋ የፖለቲካ ክርክር እንድትከፍቱልኝ አልፈልግም። እኔ የማየው ዘዴውን ነው። ለስለላ የመጣውም፣ ማስታወቂያ ሊሸጥ የመጣውም ያንኳኳው ያንኑ በር ነው። በሩ ደግሞ ጣታችን ነው። ተማሪዬ ጽሑፏን ያጣችው ልክ በዚያው ዓመት ነበር።

ፍላሽ ፕሌየር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ተቀብሯል። ዛሬ "ፍላሽ ፕሌየር አድስ" የሚላችሁ ካለ ውሸቱን ነው፤ የሞተ አይታደስም።

አሁን ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለስ?

ወደ ጥገና ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው፤ እኔ ራሴ በቤቴና በጓደኞቼ ኮምፒውተር ላይ ሠርቼዋለሁ።

1. መጀመሪያ ጽሑፋችሁንና ፎቷችሁን ወደ ሌላ ቦታ ቅዱ። ሰነድና ፎቶ ብቻ፤ የሚጫን ፕሮግራም አትቅዱ።

2. ሴቲንግስ ውስጥ አፕስ የሚለውን ክፈቱና በተጫኑበት ቀን ደርድሩ። ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገባ የማታውቁት ካለ አስወግዱ። ስሙን የማታውቁትን ሁሉ አታጥፉ፤ የኮምፒውተሩ የራሱ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ስሙን ፈልጋችሁ አጣሩ።

3. ብሮውዘሩን ክፈቱ፤ ኤክስቴንሽን የሚለው ውስጥ እናንተ ያላስገባችሁትን አውጡ። የመጀመሪያ ገጹንና የመፈለጊያ ሞተሩን መልሱ። እምቢ ካለ ሪሴት የሚል አለ፤ ቡክማርካችሁን አይነካም።

4. ኖቲፊኬሽን የሚለውን እዩ። የዛሬ ዘመን "ቫይረስ አለብህ" ባይ ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ የተጫነ ፕሮግራም እንኳ አይደለም። አንድ ቀን አንድ ገጽ "ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ አላው በል" ብሎን አላው ያልነው ነው። ገጹን ከዝርዝሩ ሰርዙት፤ ያቆማል።

5. ከዚያ አድውክሊነር የተባለውን ነፃ መሣሪያ ከራሱ ከማልዌርባይትስ ድረ ገጽ አውርዳችሁ አስፈትሹ። ቀጥሎ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ሙሉ ስካን፣ ካልጠራም ኦፍላይን ስካን አድርጉ።

6. ሲጠራ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ።

ፎርማት የመጨረሻው ነው፤ ያውም ፋይላችሁን በእጃችሁ ከያዛችሁ በኋላ። ጥገና ቤት ከሄዳችሁም መጀመሪያ "ፋይሌስ?" በሉ።

ዳግመኛ እንዳይገባ

ፕሮግራም ከሠሪው ከራሱ ገጽ አውርዱ። ጉግል ላይ ከላይ የሚመጣው አንዳንዴ ማስታወቂያ ነው፤ ስሙን አስተውሉ። ስትጭኑ "ኤክስፕረስ" ወይም "ሪኮሜንድድ" ሳይሆን "ከስተም" የሚለውን ምረጡና እያንዳንዱን ሳጥን አንብቡ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ሬፑቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን የሚል አለ፤ ያልተፈለጉ አፖችን እንዲያግድ አብሩት። ብሮውዘራችሁ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን፣ ክሮም ላይ ከሆነ ላይት የሚለውን ጫኑ። ክራክ ተዉ፤ ለቢሮ ሥራ ሊብሬኦፊስ በነፃ አለ።

የአማርኛ መጻፊያ ነገርማ ሳቅም እንባም ነው የሆነብኝ። ዊንዶውስ ከቪስታ ጊዜ፣ ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ፣ የአማርኛ ኪቦርድ በውስጡ አለው። ቋንቋ የሚለው ውስጥ ገብቶ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው። እሱን ካልለመዳችሁት ኪይማን የሚባለው ነፃ ነው፣ ከራሱ ገጽ ይወርዳል። እኔ ከማላውቀው ገጽ አምጥቼ ያደልኳችሁ ነገር ለብዙዎቻችሁ ቤታችሁ ውስጥ ነበር።

በክፍል ውስጥ "ምንጩ ማን ነው? ለምን ጻፈው? ማን ጠቀመው?" እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ ነበር። በራሴ ፍላሽ ላይ ግን አንዱንም አልጠየቅኩም። በእነዚያ ዓመታት ከእጄ ፍላሽ ተቀብላችሁ ኮምፒውተራችሁ የተበላሸ፣ ፋይላችሁ የጠፋ፣ ለፎርማት የከፈላችሁ ሁሉ፣ ይቅርታ። ለእሷ ጉዱማሌ ላይ በአፌ ብያታለሁ፤ "ኧረ ቲቸር፣ ያለፈ ነው" አለችኝ። ለናንተ ግን በአንድ ቦታ የማገኛችሁ እዚህ ነው።

ያልገባችሁ ካለ ኮመንት ላይ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ሐዋሳ ያላችሁና ራሳችሁ ማድረጉ የከበዳችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ጉዱማሌ አካባቢ ኑ፤ ቡና እየጠጣን አብረን እናጸዳዋለን። ክፍያ የለም፤ ዕዳ አለብኝ። ፍላሽ ግን ይዤ አልመጣም።