የዶዮገና ጓሮ እንደ ታሪክ መዝገብ

የአንድን ከተማ ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ የግብር መዝገብና የሹማምንት ዝርዝር ያገኛል። የአንድን መንደር ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ግን ባዶ እጁን ከአንድ ደጃፍ ላይ ይቆማል። መንደር ጸሐፊ የለውም፤ የሠራውንም ሆነ የደረሰበትን በወረቀት ላይ አያሰፍርም። ከዚህም የተነሣ መንደር ታሪክ የለውም ወደሚል የተሳሳተ መደምደሚያ ብዙ ጊዜ ይደረሳል። እውነቱ ግን መንደር ታሪኩን የሚያኖርበት ስፍራ ከከተማው የተለየ መሆኑ ነው። ከሆሳዕና በስተደቡብ በከምባታ ደጋ ላይ የምትገኘው ዶዮገናና በዙሪያዋ ያሉት ቀበሌዎች ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆናሉ። በዚያ አገር የመንደሩ መዝገብ በቤቱ ጓሮ የተተከለው እንሰት ነው፤ መዝገቡን ማንበብ የሚችሉትም እንሰቱን የተከሉትና የፋቁት አዛውንት ናቸው።

ከሩቅ የተጻፈው

ከምባታ ስሙ በጽሑፍ ከቆዩት የደቡብ አገሮች አንዱ ነው። በ15ኛው ምዕተ ዓመት ለዐፄ ይስሐቅ ክብር በተገጠመው የአማርኛ ግጥም ውስጥ ከሌሎች ገባር አገሮች ጋር ተጠቅሶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1613 ደግሞ የዐፄ ሱስንዮስ መልእክተኛና ኢየሱሳዊው ቄስ አንቶኒዮ ፈርናንዴስ በእናርያ በኩል ዞረው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ለመውጣት ሲሞክሩ በከምባታ አልፈው አላባ ላይ ታግተዋል፤ ጉዟቸውም ሳይሳካ ወደ መጡበት ተመልሰዋል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር አገሩን ከያዘ በኋላ ስለ ከምባታ የሚጻፈው እየበዛ ሄደ።

ይሁን እንጂ እነዚህ ምንጮች ሁሉ የሚናገሩት ስለ ገዥው፣ ስለ መንገዱና ስለ ግብሩ ነው። ገበሬው ከየትኛው እንሰት ችግኝ እንዳፈላ፣ እናት ቆጮዋን በጉድጓድ ውስጥ እንዴት አድርጋ እንዳቆየች፣ ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ሲጣሉ ማን እንዳስታረቃቸው አይነግሩንም። የተጻፈው ታሪክ ከደጁ ደርሶ ወደ ቤት ሳይገባ ይመለሳል።

ይህ ጉድለት በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። ጽሕፈት በተስፋፋበት በእንግሊዝ አገር እንኳ ተራው የገጠር ሰው ለረጅም ዘመን ከታሪክ መጻሕፍት ውጭ ነበር። በምሥራቅ እንግሊዝ በሰፎክ ግዛት ብላክስሆል በምትባል መንደር የተቀመጠው ጆርጅ ኢዋርት ኢቫንስ ጎረቤቶቹ የሆኑትን አረጋውያን የእርሻ ሠራተኞችና እረኞች እየጠየቀ የነገሩትን መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1956 የታተመው መጽሐፉ በፈረስ ይታረስና በማጭድ ይታጨድ የነበረውን ዘመን ራሳቸው በኖሩት ሰዎች አንደበት ያስረዳል። ኢቫንስ የተገነዘበው ነገር ቢኖር፣ ትራክተር ሲመጣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ዕውቀት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊጠፋ መቻሉን ነው። ከእርሱ አንድ ዓመት አስቀድሞ ሆስኪንስ የተባለው የታሪክ ምሁር የእርሻ ድንበር፣ አጥርና ጎዳና እንደ ሰነድ ሊነበቡ እንደሚችሉ በመጽሐፉ አሳይቶ ነበር። ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው፤ መሬቱን ማንበብና የሠራበትን ሰው መጠየቅ ይገባል። ይህን ትምህርት ይዞ ወደ ዶዮገና የሚሄድ ሰው የሚያነበው ሰነድ አያጣም።

እንሰቱ የሚናገረው

ከምባቶች እንሰትን «ዌሳ» ይሉታል። ተክሉ ከሣር ክዳኑ ቤት ጀርባና ጎን ይቆማል። ከብቱ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድር ፍጉ በየማለዳው ተጠርጎ በቅርብ ወዳለው እንሰት ይደርሳል። ከእንሰቱ ቀጥሎ ጎመኑ፣ ከዚያም ወዲያ ድንቹ፣ ባቄላው፣ ስንዴውና ገብሱ ይዘራል። በዳር ባሕር ዛፍ ይተከላል። ከቤቱ በራቁ ቁጥር የመሬቱ ለምነት እየቀነሰ መሄዱ የሚያመለክተው፣ ያ ጥቁር አፈር የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ሳይሆን ብዙ ትውልድ በእጁ የሠራው ሀብት መሆኑን ነው።

እንሰት እንደ ስንዴ በዓመቱ ተዘርቶ በዓመቱ አይታጨድም። ገበሬው ያልበሰለ እንሰት ይነቅልና የአናቱን እምቡጥ አውጥቶ ሥሩን ከፍግ ጋር ይቀብረዋል። ከዚያ የሚፈሉት ብዙ ችግኞች ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዛወሩ ይተከላሉ። በደጋ ለምግብ እስኪደርሱ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃሉ። ስለዚህ በአንድ ጓሮ ውስጥ የዘንድሮው ችግኝ፣ የሦስት ዓመቱና የደረሰው እንሰት በየረድፋቸው ሲታዩ የቤተሰቡ ያለፉት ዓመታት ተዘርግተው የተቀመጡ ያህል ነው። ረድፉ ሳይጓደል የቆመ እንደሆነ ቤቱ ሰላም ሰንብቷል ማለት ነው። መካከለኛው ዕድሜ ጎድሎ የተገኘ እንደሆነ ግን፣ ወይ በችግር ዓመት ሳይደርስ ተነቅሎ ተበልቷል፣ ወይ በሽታ ገብቶበታል፣ ወይ የተካዩ እጅ በሕመም ወይም በስደት ታጥቷል። ምክንያቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነውና ካልተጠየቀ ረድፉ ብቻውን አይናገርም።

የመዝገቡ ግማሽ በሴቶች እጅ ነው። ተካዩ ወንዱ ቢሆን ፋቂዋ ሴቷ ናት። ጎረቤታሞች በወንፈል ተሰብስበው ግንዱን በዘመመ ሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። ከጭማቂው ረግቶ የሚቀረው ቡላ፣ ከተፋቀው የሚለየው ቃጫ፣ ተቀብሮ የሚብላላው ደግሞ ቆጮ ይሆናል፤ ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ይባላል። የትኛው ዝርያ ለቡላ፣ የትኛው ለአሚቾ እንደሚሻል፣ የትኛውስ ለተሰበረ አጥንት መድኃኒት እንደሚሰጥ ለይተው በስም የሚጠሩት እነርሱ ናቸው። ከዚህም ሌላ ሴቶቹ «ዊጆ» በሚባለው ማኅበር ቅቤ በየተራ ያጠራቅማሉ። ወንዶቹም ለቅርጫ የሚሆነውን በሬ ለመግዛት ገንዘብ ያስቀምጣሉ። ሁለቱም ቁጠባ «መሳላ» ለሚባለው የመስቀል ሰሞን በዓል ይደርሳል። ባንክ ወደ ገጠሩ ሳይገባ በፊት ቁጠባና ብድር በመተማመን ይሠሩ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሕጉና የሕጉ ወሰን

መንደሩ ያለ ሕግ አልኖረም። በከምባታ «ሴራ» የሚባለው ባህላዊ ሕግ ጎረቤታሞችን በደስታና በኀዘን፣ በእርዳታና በዳኝነት ያስተሳስራል። ከዚያ ሰፋ ያለውን አካባቢ የሚመለከተው «ጎጋታ» ሲሆን፣ ከአጎራባች ሕዝቦች ጋር ለሚነሣ ጉዳይ የሚሰበሰበው ሸንጎ «ኮካታ» ይባላል። ይህ ከደጃፍ ተነሥቶ እስከ ሕዝብ ለሕዝብ የሚደርስ ሥርዓት በመንግሥት ፍርድ ቤት ጎን ለጎን ኖሯል።

ነገር ግን የመንደርን ትዝታ የሚጽፍ ሰው የጣፈጠውን ብቻ መርጦ ሊጽፍ አይገባውም። ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ አልፊዎች «ፉጋ» በሚል የንቀት ስም እየተጠሩ ከጋብቻ፣ ከማዕድና ከመሬት ባለቤትነት ተገልለው ነበር። ቆጮው የሚጋገርበት ምጣድና ቡናው የሚፈላበት ጀበና ከእጃቸው ይገዛል፤ እነርሱ ግን ከመደቡ አይቀመጡም። የአዛውንት ትዝታ ሲሰበሰብ የእነዚህ ሰዎች ካልተጨመረበት መዝገቡ ጎዶሎ ይሆናል።

ከውጭ የመጡ ለውጦች

ባለፈው ምዕተ ዓመት ዶዮገናን የነኩት ታላላቅ ለውጦች አብዛኞቹ ከውጭ የታቀዱ ናቸው። በገባርነት ዘመን ገበሬው ግብር ከመክፈሉ በላይ ለተተከለበት ባለሥልጣንና ወታደር በጉልበቱ ያገለግል ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በሕግ ደረጃ ይህን አገልግሎት አስቀረ፤ የጭሰኛው ነገር ግን እስከ 1966ቱ አብዮት ቆየ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር የማይበልጥ መሬት ፈቀደ፤ የገበሬ ማኅበራትም ቢያንስ በ800 ሔክታር ክልል እንዲቋቋሙ አዘዘ። ለጭሰኛውና ተገልሎ ለኖረው ዕደ ጥበበኛ ይህ በእርግጥ ታላቅ ነገር ነበር። የእንሰት ጓሮው ግን ከዚያ ወሰን እጅግ ያነሰ ስለ ነበር የመሬቱ ጥበት በአዋጅ አልተፈታም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሰሜኑን ሲመታ በተጀመረው ሰፈራ፣ ከከምባታና ሐዲያ አውራጃም በመሬት ጥበት ምክንያት ሰዎች ወደ መተከል ወደ ፓዊ ተወስደዋል። ከደጋው እንሰትና ከመቆፈሪያው ወደ ቆላው የጋራ እርሻ የተዛወረው ሰው ያጣው መሬት ብቻ አልነበረም። የአየሩን፣ የምግቡንና የጎረቤቱን ትስስር አብሮ አጣ። በ1978 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተስፋፋው የመንደር ምሥረታ ዘመቻም ቤትን ከጓሮ ለያይቶ ማየት ይቻላል ከሚል አስተሳሰብ የተነሣ ነበር። በእንሰት አገር ግን ቤቱ ከጓሮው የራቀ እንደሆነ ፍጉ አይደርስም፤ ፍጉ ካልደረሰ እንሰቱ ይከሳል። እቅድ አውጪው የቤቱን ቁጥር ቢያውቅም ቤቱ ለምን እዚያ እንደ ተሠራ አልጠየቀም። ከየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ውሳኔ በኋላ ብዙ የአገሪቱ ገበሬዎች አዲሶቹን መንደሮች ትተው ወደ ቀድሞ ይዞታቸው ተመልሰዋል።

ከውጭ የመጣው ሁሉ ግን ያፈረሰ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኋላ ላይ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ከምባትኛና ሐዲይኛ ከእነርሱ መካከል ነበሩ። አንድ አረጋዊ በገዛ ቋንቋው ፊደል ቆጥሮ ስሙን ሲጽፍ፣ መንደሩ ራሱ ስለ ራሱ ሊጽፍ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

ዛሬ የሚጠየቀው

የእንሰት አጠውላጊ በሽታ ለዚህ ሁሉ ቁልፍ የሆነ ምሳሌ ይሰጣል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 አስታውቀዋል። ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ከሚያዛምቱት ነገሮች መካከል በእሳት ያልተለበለበ ቢላዋና በስጦታ የተላለፈ የታመመ ችግኝ ይገኛሉ። የጎረቤት ፍቅር ምልክት የሆነው መዋዋስ የበሽታው መንገድ ሆነ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ «ቢላዋ አትዋዋሱ» ብሎ ቢያዝ ትእዛዙ ከጉርብትና ጋር ይጋጭበታል። የሚያውቅ ግን ጉዳዩን ወደ መንደሩ ሸንጎ ያቀርበዋል፤ ቢላዋን መለብለብና የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ በጋራ ሕግ ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን ቢጠነቀቅ ጎረቤቱ ካልተጠነቀቀ ዋጋ የለውምና።

የዶዮገና ገበሬዎች አዲስ ነገር አይቀበሉም ሊባል አይችልም። በእርከኖቻቸው ላይ የሚታየው ዴሾ ሣር አፈሩን ይዞ ለከብት መኖ ይሆናል። የበግ ዝርያቸውን በማኅበር ሆነው፣ ምርጥ አውራዎችን በጋራ እየጠበቁ ለማሻሻል የጀመሩት ሥራም ስማቸውን ከአካባቢው ውጭ አስጠርቷል። ሁለቱም የያዙት ሥር ነባሩን የመሬት አያያዝና ነባሩን ማኅበር መሠረት በማድረጋቸው ነው።

ይሁንና ጊዜው አጭር ነው። መሬቱ በልጆች ቁጥር እየተከፈለ ጠቧል፤ ከከምባታና ከሐዲያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው። ከውጭ በተላከ ገንዘብ የቆርቆሮ ቤት ይሠራል፤ ዝርያዎቹን በስም የሚጠራው ሰው ግን ከዓመት ወደ ዓመት ያንሳል። አረጋዊት ስታርፍ ከእርስዋ ጋር የሚቀበረውን ዕውቀት ማንም ቆጥሮት አያውቅም።

ስለዚህ በገጠር የሚሠራ የማኅበሩ አባል ሁሉ፣ የእርሻ ባለሙያም ሆነ መምህር ወይም የጤና ሠራተኛ፣ ወደ መንደሩ ሲገባ ከቅጹ በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን ቢያስቀድም መልካም ነው። ይህን ረድፍ ማን ተከለው? ችግኙ ከማን ጓሮ መጣ? ይህ መካከለኛ ረድፍ ለምን ጎደለ? በዚያ ዓመት ማን ረዳችሁ፣ ማንስ ሳይረዳ ቀረ? መልሱ በተናጋሪው ቋንቋ ከነስሙና ከነዘመኑ ቢጻፍ፣ አንዱ ቅጂም በቀበሌው ትምህርት ቤት ቢቀመጥ፣ የተጠየቁት አዛውንት የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ጓሮ የሚያነቡበት መጽሐፍ ያገኛሉ።